«ሃው ዱ ዩ ቲንክ?» የሚለኝን ቻይናዊ ምን ልበለው?

የዱከሙ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዱከም አንድ የቻይና ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ሱፐርቫይዘሬን ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናዋለሁ። ጎበዝ ነው፤ «ሃው» ላይ ግን ይደናቀፋል። አንድ ናሙና ያሳየኝና «ሃው ዱ ዩ ቲንክ?» ይለኛል። «ዋት በል» ስለው «ለምን?» ይላል። መልሱ እኔም ጋ የለም።

ቻይና የተማረች፦ ከቋንቋው ይዞት የመጣው ነው። በቻይንኛ የሰው ሐሳብ ሲጠየቅ «ኒ ዘንመ ካን?» ይባላል። «አንተ እንዴት ታየዋለህ?» እንደማለት ነው። «ዘንመ» እንዴት ነው፣ እሱም «ሃው» ብሎ ይተረጉመዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ላይ ግን «አእምሮህ እንዴት አድርጎ ነው የሚያስበው?» ይመስላል። የሚጠብቀው መልስ አንድ ሐሳብ ከሆነ «ዋት» ይበል። የአሠራር መንገድ ወይም ሁኔታ ከሆነ «ሃው»። «ሃው ዱ ዩ ፊል?» ትክክል የሆነው ለዚህ ነው፤ የሚጠይቀው ሁኔታን ነዋ።

ባለ ካፌው፦ «ሃው ኢዝ ዘ ዌዘር ላይክ?» የሚሉትም አሉ። ስለ አየሩ ሲጠየቅ መጨረሻው ላይ «ላይክ» ካለበት «ዋት»፣ ከሌለበት «ሃው»። አለቀ።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ በሰውየው አትሳቅ። ስንቶቻችን ነን «ሁ ኢዝ ዩር ኔም?» ብለን ያደግነው? «ስምህ ማን ነው?» ስለምንል ነው። ቻይናዎች ስም የሚጠይቁት በ«ምን» ስለሆነ እዚህ ላይ ይበልጡናል። ይህንን ንገረው፣ ዘና ይላል።

የዱከሙ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እሑድ ዕቃ ረስቼ ፋብሪካ ብቅ ስል «ሃው ዲድ ዩ ካም?» አለኝ። «በባጃጅ» አልኩት። ግራ ገባው።

ቻይና የተማረች፦ ሃሃ! «ዘንመ» እኮ «ምነው?» ለማለትም ያገለግላል። «ኒ ዘንመ ላይ ደ?» በምን መጣህ ነው። «ኒ ዘንመ ላይ ለ?» ደግሞ ምነው መጣህ። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት። ለሁለተኛው «ዋት ብሪንግስ ዩ ሂር?» የሚለውን አስጠናው። «ዋይ አር ዩ ሂር?» ካለ ግን እንግዳ የሚያባርር ይመስልበታል።

የዱከሙ ልጅ፦ ለካ በዕረፍት ቀኔ ምን እንዳመጣኝ ነው የጠየቀኝ! እኔ ደግሞ የባጃጁን ሂሳብ ሳይቀር ነግሬዋለሁ።