የሙያ መላመድ አቅም መለኪያን በአማርኛ ስለማዘጋጀት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

በድሬዳዋ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ስሆን፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሥራ ዓለም ለሚገጥማቸው ለውጥ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆኑ ለመለካት፣ ማርክ ሳቪካስና ኤሪክ ፖርፌሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙትን መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሻለሁ። መጠይቁ ስለ ወደፊት ማሰብን፣ ራስን መምራትን፣ የማወቅ ጉጉትንና በራስ መተማመንን ለእያንዳንዱ 6፣ በድምሩ በ24 ጥያቄዎች ይመዝናል።

የተቸገርኩት ራስን በመምራት ዘርፍ ላይ ነው። «ውሳኔዬን በራሴ እወስናለሁ» የሚለውን ያነበበች አንዲት የሳቢያን ሰፈር ልጅ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ «መምህር፣ አባቴን ሳላማክር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤተሰቧን አማክራ የምትወስን ልጅ በዚህ ምክንያት ዝቅተኛ ነጥብ ብታገኝ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በዚሁ ዘርፍ በራስ ላይ መመካትን የሚጠይቀውም ጥያቄ በአማርኛ «በራሴ እተማመናለሁ» ሲባል ከአራተኛው ዘርፍ ጋር ይደባለቃል። በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገሩት በየቋንቋቸው ሊጠየቁ ይገባል፤ ይህን ግን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

በሥነ ልቦና ምዘና ልምድ ያላችሁ፣ ጥያቄውን «አማክሬ በመጨረሻ እኔው እወስናለሁ» ብዬ ባሻሽለው የሚለካው ነገር ይለወጥ እንደሆነ፣ ወይስ ቃሉን ሳልነካ ጥቂት ተማሪዎችን በቃል እየጠየቅሁ የተረዱትን ብመዘግብ እንደሚሻል እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።