ያገለገለች 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው፤ ምን ምኗን ልይ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ መመላለሻ የምትሆነኝ ባለ 125 ሲሲ፣ ካርቡሬተር ያላት፣ በፔዳልም በቁልፍም የምትነሳ ሞተር ሳይክል አግኝቻለሁ። ቆጣሪዋ 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ሻጩ "ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም" ብሎኛል። በላከልኝ ፎቶ ካቴናዋ ረገብ ብሏል፣ አንድ ፍሬቻ አይሠራም፣ ሌላው ሁሉ ያብረቀርቃል። ቅዳሜ ሄጄ አያታለሁ፤ "ስትመጣ ደውልልኝ፣ አሙቄ እጠብቅሃለሁ" ይላል። መንዳት እችላለሁ እንጂ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። ምን ባይ ነው ጥያት መሄድ ያለብኝ?

ባለ ጋራዡ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እንዳያሞቅልህ ንገረው። ስትደርስም እጅህን ወደ ሞተሩና ወደ ማርሚታው ጠጋ አድርገህ ፈትን፤ ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለስ። ሰውየው በቅንነት ያደረገው ሊሆን ይችላል፣ ግን አስቸጋሪ አነሳስና የጠዋት ጭስ የሚታየው ሞተሩ ካደረበት ሲነሳ ነው።

አንተ አስነሳ፣ ጓደኛህ ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቢጠፋ ውሃ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ካርቡሬተር በማስተካከል ወይም አየር ማጣሪያ በመቀየር ያልቃል። ሰማያዊው ነው ጉዳዩ፤ ዘይት እየተቃጠለ ነው። እሱም ቢሆን ይለያያል። ሲነሳ ብቻ ቦግ ብሎ ከጠፋ፣ ቆማ ባደረችበት ዘይት በቫልቭ ጎሚኒው (በቫልቩ ዙሪያ ዘይት እንዳያልፍ በሚከለክለው ጎማ) በኩል ወርዷል ማለት ነው። ነዳጅ በሰጠሃት ቁጥር የሚከተልህ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፣ ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም። ያኔ ቀለሟን አትይ፣ ሂድ።

ድምፅ ላይ ደግሞ፣ ከላይ የሚመጣ ቀጭን ጠቅ ጠቅ የቫልቭ ክፍተት ነው፣ ይስተካከላል። ከታች የሚመጣ ወፍራም ድብደባ ግን የቢየላ (ፒስተኑን ከሥሩ ካለው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ሊሆን ስለሚችል በዋጋ ቅናሽ እንዳትታለል። የዘይት መለኪያውንም አውጣ። መጥቆሩ ብቻ ችግር አይደለም፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፣ በጣትህ ስታሸው የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ውስጡ እየተፋጨ ነው። ይህች መጠን ያላት ሞተር የምትይዘው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው፤ ትንሽ ጎደለ ማለት ለእሷ ብዙ ጎደለ ማለት ነው።

ዝም ብሎ ነጂ፦
ቆጣሪውን እርሳው። ይቀየራል፣ ይቆረጣል፣ ይቆማል። 28 ሺህ መሆኑን የምታውቀው ከእግር መርገጫው ጎማ፣ ከፍሬን ፔዳሉና ከመሪው እጀታ ነው። ፔዳሉ ተልጦ ብረቱ ከለሰለሰ፣ ወይም በአሮጌ ሞተር ላይ እነዚህ ሁሉ አዲስ ከሆኑ፣ ቁጥሩ እውነት አይመስለኝም።

ደግሞ ያ "ያብረቀርቃል" ያልከው እኔን አላስደሰተኝም። ሞተሩ ከታጠበ ዘይት የሚያንጠባጥብበት ቦታ አይታይም። ነድተህ ከተመለስክ በኋላ ጎንበስ ብለህ ከሥር እንደገና እይ።

ፍሬቻዋ፦
ወንዶቹ ሁሉ ሞተር ውስጥ ገቡ! እኔ ከወረቀቱ ነበር የምጀምረው። የሻንሲ ቁጥሩ መሪው ከቴላዮው (ከዋናው የብረት አካል) ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ተመትቶ ታገኘዋለህ፣ የሞተሩ ቁጥር ሞተሩ ላይ ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። የተፋቀ፣ በቀለም የተሸፈነ፣ ወይም ፊደሎቹ የተንጋደዱ ቁጥር ካየህ የቀረውን አትይ። ሊብሬው የሻጩ ስም ካልሆነም ባለቤቱ ራሱ ይምጣ።

አንድ ፍሬቻ አምፖል ሊሆን ይችላል። ግን ወንበሩን አስነስተህ ሽቦዎቹን እይ፤ ተቆርጠው በፕላስተር የተጠቀለሉ ከሆኑ ነገ ደግሞ ሌላው ይጠፋብሃል። በቁልፍ አልነሳ ብላህ "ባትሪው ብቻ ነው" ቢልህ፣ ሞተሪኖው (በቁልፍ ሲነሳ ሞተሩን የሚያዞረው) ወይም ቻርጅ የሚያደርገው ክፍልም ሊሆን ይችላል። መልቲሜትር ካለህ ይዘህ ሂድ፤ ጤነኛ ባትሪ ሳትነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ተነስታ ነዳጅ ስትሰጣት ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ ካልጨመረ ባትሪ ብትቀይርም ለውጥ የለውም።

ጎማው ጎን ላይ ደግሞ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው የደረቀና የተሰነጣጠቀ ብዙ አለ።

ካንዴላ፦
ሞተር ይጠገናል፤ የተጣመመ ቴላዮ ግን እኔ አልገዛም። በመሐል ማቆሚያው አቁመህ የፊት ጎማዋን ከመሬት አንሳ፣ መሪውን ቀስ ብለህ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ከያዘ የአንገት ኩሽኔታው (መሪው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) ተበልቷል። ከዚያ የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ነቅንቅ፣ መላወስ የለበትም። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የሚያርፍበትን ማቆሚያ ብረትም እይ፤ ከተጨፈለቀ ከባድ ግጭት ነበር።

ስትነዳት በትልቁ ማርሽ ሆነህ ነዳጅ ሞልተህ ስጥ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ማርሽ እየዘለለ ከወጣ ግን የማርሽ ሳጥኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ሞተሩን ካልከፈቱ አይደረስበትም።

ጀማሪው፦
አይቻት መጣሁ። ቀዝቃዛ ነበረች። በፔዳል ቶሎ ተነሳች፣ መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ትንሽ ወጥቶ ጠፋ፣ ስነዳት አልተመለሰም። ቁጥሮቹ ይገጥማሉ። የካቴናው ጥርሶች እንደ መንጠቆ ሾለዋል። የፊት ሹካው ቀኝ እግር በዘይት ረጥቧል፣ መሪው መሐል ላይ ቀጭ ይላል። የግራ መርገጫው ጫፍ ተፍቋል፤ ሻጩ "ቆማ ነው የወደቀችው" ይላል። ማቆሚያ ብረቱ ደህና ነው።

ዝም ብሎ ነጂ፦
ይህ ሁሉ ውጫዊ ነው። ዋጋ አስቀንስና ውሰዳት።

ካንዴላ፦
አትቸኩል። የኩሽኔታው መያዝ ከመወደቁ ጋር ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ረጅም ሲባጎ ያዝ፤ ከኋላ ጎማው ጎንና ጎን አስነክተህ ወደ ፊት ወጥረው፣ የፊት ጎማውን ቀጥ አድርገው። በሲባጎውና በፊት ጎማው መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ካቴናው ሲስተካከል የኋላው ጎማ ተጣሞ ታስሮ እንደሆነ እዩ፤ ያ ደህና ሆኖ ካልገጠመ ቴላዮው ወይም ሹካው ነው።

ጀማሪው፦
ከሻጩ ጋር ሆነን ሞከርነው፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። እሱ ራሱ ተገርሞ ሲያይ ነበር። ስለ ጭሱስ?

ባለ ጋራዡ፦
የቫልቭ ጎሚኒ ነው የሚመስለኝ። ዘይቱን በየሳምንቱ እያየህ ልትነዳት ትችላለህ፤ ስትደራደር ግን እንደ ወጪ ቁጠረው። ካቴናውን ለብቻው እንዳትቀይር፤ ፊትና ኋላ ጥርሶቹን አብረህ ቀይር፣ አለዚያ አሮጌው ጥርስ አዲሱን ካቴና ይበላዋል። የሹካውን ፓራ ኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) በሁለቱም እግር አንድ ላይ አስቀይር። መጀመሪያ ግን የአንገቱን ኩሽኔታ፤ መሪ የሚይዝ ሞተር ይዘህ መንገድ አትውጣ።