ታኅሣሥ 11 ማታ ሰንዳፋ ላይ ኮከብ ልናይ ነው፤ ቴሌስኮፑን እንዴት ላድርገው?

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018)

ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ጓደኛሞች ነን። ታኅሣሥ 11 ቅዳሜ ማታ ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ባለው የጓደኛችን አያት ግቢ አድረን ኮከብ ለማየት ተነጋግረናል። ሁለት ቴሌስኮፕ አለን። አንዱን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ነው ያመጣልኝ፤ ባለ መስታወት ነው፣ ስፋቱ 114 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 900፣ መቆሚያው ክብደት የሚንጠለጠልበት ኢኳቶሪያል የሚሉት ዓይነት። ሌላው የጓደኛዬ ባለ ሌንስ 70 ሚሊሜትር ነው።

ጥቅምት 26 ሞክረን አልሆነልንም። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረችና ሰማዩ ነጭ ሆኖ አመሸ። መመሪያው መቆሚያውን ወደ ሰሜን ኮከብ አዙሪ ይላል፤ ኮከቡን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ክብደቱ ደግሞ ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። በ4 ሚሊሜትሩ የዓይን ሌንስ ያየሁት ሁሉ ጭጋግ ነው፣ ያውም ተገልብጦ። ጓደኞቼ ብርዱ ሲብስባቸው 4 ሰዓት ሳይሞላ ገብተው ተኙ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የአባባ ነገር ነው፤ የጓደኛችን አያት ማለቴ ነው። 80 ዓመት አልፏቸዋል፤ አንድ ዓይናቸው የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ጎንበስ ማለት አይሆንላቸውም። ወጣት ሳሉ እህል ጭነው ገበያ ሲሄዱ ከቤት የሚነሡት አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ እንደነበር ይነግሩናል። «እሷን በዚያ መነጽራችሁ አሳዩኝ» ብለውኝ ቃል ገብቻለሁ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ጥፋትም የለብሽም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀው የቆምሽበት ቦታ ከምድር ወገብ በሚርቀው ዲግሪ ልክ ነው። ሰንዳፋ 9 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። መመሪያው የተጻፈው ለሰሜን አገሮች ነው። የመቆሚያው ዘንግ ወደዚያ ኮከብ እንዲያቀና ወደ 9 ዲግሪ ሲወርድ ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ክብደቱ እግሩን የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የማደርገው ዘንጉን ወደ 90 ዲግሪ ማቆም ነው። ያን ጊዜ ቱቦው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ቀላል መቆሚያ ይሆንልሻል። የሰሜን ኮከብን እርሺው። መቆሚያሽ እስከ 90 የማይሄድ ከሆነ ለአናጺ አንድ የሚሽከረከር የእንጨት ሣጥን አሠሪ፤ ቱቦውን በሁለት ጎን ደግፎ መሬት ላይ የሚቀመጥ። ከብረቱ የበለጠ አይነቃነቅም።

የ4 ሚሊሜትሩን ሌንስ ቤት ተዪው። 900ን ለሌንሱ ቁጥር ስታካፍዪ ማጉያውን ታገኛለሽ፦ 25 ሚሊሜትሩ 36 ጊዜ፣ 10 ሚሊሜትሩ 90 ጊዜ፣ 4 ሚሊሜትሩ 225 ጊዜ ያጎላል። 225 ለ114 ሚሊሜትር መስታወት የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ አየሩ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ጭጋግ ይሆናል። ምንጊዜም በ25 ፈልጊ፣ ስታገኚ ወደ 10 ቀይሪ። ምስሉ መገልበጡ የመስታወቱ ጠባይ ነው፤ ሰማይ ላይ ላይና ታች ስለሌለ አያሳስብሽ።

ትልቁ ሚስጥር ግን ትንሿ መፈለጊያ ናት፤ ከቱቦው ላይ የተለጠፈችው። እሷ ከዋናው ቱቦ ጋር ወደ አንድ ቦታ ካላየች ሌሊቱን ሙሉ ብትፈልጊ አታገኚም። ይህን በጨለማ ለማድረግ አትሞክሪ። ቀን ላይ ሩቅ ያለ ማማ ጫፍ በ25ቱ ሌንስ መሃል ላይ አድርጊና የመፈለጊያዋን ቡሎኖች እያዞርሽ መስቀሏን እዚያው ጫፍ ላይ አምጪ። በቀን ስትሠሪ ፀሐይ ወዳለችበት ፈጽሞ አታዙሪው፤ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ከዕቃው ጋር ለፀሐይ ተብላ የምትመጣ ጥቁር መስታወት የዓይን ሌንሱ ላይ የምትገጠም ከሆነች ጣያት፤ በሙቀቱ ትሰነጠቃለች።

መልስ (ደንቨር)

መምህሩ ስለ ሰሜን ኮከብ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ካለሁበት 40 ዲግሪ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ዘንጉን ማቆሙን ግን አልስማማበትም። ኢኳቶሪያሉ በትክክል ከተተከለ ጁፒተርን በአንድ እጀታ ብቻ መከተል ይቻላል፤ ስምንት ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙሪና ዲግሪውን 9 ላይ አድርጊ።

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ክብደቱ እግሩን እየመታባት እንዴት ትከተላለች? ብዙዎቹ ርካሽ መቆሚያዎች ከ20 ዲግሪ በታች አይወርዱም። በ36 ማጉያ ጁፒተር ከሌንሱ ለመውጣት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ሁለት ሦስት ሰው አይቶ ሲጨርስ በእጅ ትንሽ መግፋት ይበቃል።

መልስ (የዓይን ነርስ፣ ሐዋሳ)

ስለ አባባ ልናገር። ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ዓይናቸው ይዩ፤ ሞራ ያለበት ዓይን ብርሃኑን ይበትነዋል። የርቀት ወይም የቅርብ መነጽር ካላቸው ያውልቁት፤ ትኩረቱ በቴሌስኮፑ የትኩረት ማዞሪያ ይስተካከላል። ከእናንተ አንዱ ካስተካከለው በኋላ እሳቸው ራሳቸው ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ለእናንተ የጠራው ለእሳቸው አይጠራምና።

ለእሳቸው 70 ሚሊሜትሩን መድቡላቸው። ባለ መስታወቱ የሚታየው ከቱቦው ላይኛ ጎን ስለሆነ መንጠራራት አለው። ባለ ሌንሱ ግን ኋላው ላይ ያለችው ማጠፊያ ሌንሱን ወደ ላይ ስለምትመልሰው መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ። ጋቢያቸው እግራቸውንም ይሸፍን፣ ከሥራቸው ፍራሽ ነገር ይነጠፍ። በታኅሣሥ የሰንዳፋ ውርጭ ለሽማግሌ ቀላል አይደለም፤ 20 ደቂቃ አይተው ይግቡ።

መልስ (አዲስ አበባ፣ አማተር ተመልካች)

ቀኑን በደንብ መርጣችኋል፤ ታኅሣሥ 11 ጨረቃ የለችም። ቴሌስኮፖቹን ከመጀመራችሁ ከአርባ ደቂቃ በፊት ደጅ አውጧቸው፤ የቤት ሙቀት የያዘ መስታወት ምስሉን ያርገበግበዋል። ዓይናችሁም ጨለማውን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሰው ስልኩን ከከፈተ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ጠቅልሉ።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሳተርን ጀምሩ፤ ያን ጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠልቃል። ጓደኞችሽን ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ዘንድሮ ቀለበቱ ወደ እኛ በጠርዙ ስለዞረ እንደ መርፌ የቀጠነ መስመር ነው የሚታየው። ይህ በ15 ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ያላወቀ ሰው ቅር ይለዋል፤ ላወቀ ግን ያቺ መስመር ከሙሉ ቀለበት በላይ ደስ ትላለች። ከዚያ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ወደ ምዕራብ ሳይወርድ፤ 2.5 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን ነው፣ በ25ቱ ሌንስ እንደ ጉም ይታያል። 4 ሰዓት ላይ ሰባቱ ከዋክብት ከራሳችሁ በላይ ናቸው። የኦሪዮን ኔቡላ የሚሉት የጋዝና የአቧራ ደመናም አለ፤ ከኦሪዮን ቀበቶ፣ ማለትም በአንድ መስመር ከተሰለፉት ሦስት ኮከቦች፣ ሥር ያለው። ጁፒተር ላይ አትቸኩሉ፤ ከ5 ሰዓት በፊት ዝቅ ስለሚል ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ አራቱን ጨረቃዎቹን ትቆጥራላችሁ።

እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እዚያ እንኳ የከተማው ብርሃን ያስቸግራል። ስለዚህ ከግቢው የከተማዋን ብርሃን ከጀርባችሁ አድርጉ። ጎረቤትና ቀበሌም ቀድማችሁ አሳውቁ፤ በሌሊት ቱቦ ደግኖ የቆመ ሰው ያስደነግጣል። ጾም ነውና ቆሎና ትኩስ ሻይ በብዛት ያዙ፤ ሰው የሚገባው ሲራብና ሲበርደው ነው።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልንገርሽ፦ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በዚያ ሰሞን አትታይም። ታኅሣሥ 28 ፀሐይን ተሻግራ ከወዲያ ማዶ ትሆናለች። ከየካቲት በኋላ በምሽት ምዕራብ ላይ ትወጣለች፤ በንጋት ተመልሳ የምትመጣው በኅዳር 2019 ነው።

ጠያቂዋ (ኅዳር 22)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ እንዳሉኝ ቀን ላይ መፈለጊያዋን ከሩቅ ባለ ማማ አስተካከልኩ። ትናንት 6 ሰዓት ሌሊት ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ጁፒተር ላይ አነጣጠርኩና በመጀመሪያው ሙከራ ሌንሱ ውስጥ ገባልኝ! ትንንሾቹ ጨረቃዎች በአንድ መስመር ተሰልፈው ነበር። እህቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት።

ለአባባ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሰባቱን አሳዩኝ፣ እሷን ለማሳየት ኅዳር ላይ ትመጣላችሁ» አሉኝ። ታኅሣሥ 18 ጨረቃ ግማሽ ስለምትሆን ያን ቀንም ተመልሰን እንደምናሳያቸው ተስማምተናል። የነርሷን ምክር ይዤ ወንበር እየፈለግኩ ነው፤ የ70 ሚሊሜትሩ መቆሚያ እግሩ ሲያጥር ወንበሩ ምን ያህል ከፍታ ቢኖረው ይሻላል?

መልስ (የዓይን ነርስ፣ ሐዋሳ)

የቡና በርጩማ ያጥራል፤ ለመነሣትም ይቸግራቸዋል። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይሁን። መቆሚያውን አስቀድማችሁ አታሳጥሩት፤ እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ሌንሱ ከዓይናቸው ትንሽ ዝቅ እስኪል እግሮቹን አስተካክሉ።