የሐዋሳ ሐይቅ የጋራ ሐሳብ፦ ከዳሩ ሳይሆን ከላይ እንጀምር

ሰብሳቢው፦
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐዋሳ ያደግንም፣ ዕረፍታችንን እዚያ ያሳለፍንም አንድ ላይ ሆነን ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው ብለናል። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚለው ባጭሩ በየወሩ የሐይቅ ዳር ጽዳት ዘመቻ እናድርግ ነው። ይበቃል ወይ? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

አንዲት አባል፣ ከአዲስ አበባ፦
እኔ የሐዋሳ ልጅ አይደለሁም። አክስቴ ዘንድ ነበር የምንመጣው፣ ትምህርት ሲዘጋ። ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወርደን ታንኳዎቹን እንጠብቃለን። መረቡ ሲዘረገፍ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ገና ይንፈራገጣል። ልጆቹ በአንድ እጅ ጭራውን ይዘው ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላ ይወረውሩታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። አክስቴ ዓሣውን ግራና ቀኝ ሰነጣጥቃ ሙሉውን ትጠብሰውና በዳጣ እንበላለን። ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ፣ ዋርካው ጥላ ሥር። ዳሩ ላይ ቆመን የእግራችን ጣት ይታየን ነበር።

በቅርቡ የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። "አያቴ፣ እግሬን ልንከር?" አለኝ። ከከተማው ቦይ የሚወርደው የጠቆረ ፍሳሽ እዚያው አጠገባችን ይገባል። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የልጆች ዳይፐር ሳይቀር ቄጠማው ውስጥ ተሰክቷል። አይሆንም አልኩት። በጣም ነው ያዘንኩት። ጽዳቱን እደግፋለሁ፣ ግን ጠርገን በሄድን ማግስት ቦዩ መልሶ ያመጣዋል።

አንድ አባል፣ ከሐዋሳ፣ የውሃ ባለሙያ፦
እትዬ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ዋናው ወንዝ ጥቁር ውሃ የሚባለው ነው። ውሃው በትነትና በመሬት ውስጥ በመስረግ ይቀንሳል እንጂ ጠርጎ የሚወስደው የለም። ወጥ ሲመጥ ጨው ድስቱ ውስጥ እንደሚቀር፣ የገባው መርዝም ብዙው እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አይዘል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ወንዝ የሚታገሠውን እሱ አይታገሥም።

ጥቁር ውሃ ደግሞ የሚመጣው በጨለለቃ በኩል ነው። ጨለለቃ ቀድሞ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ሞላው፣ ዛሬ ረግረግ ነው። ረግረጉ ከላይ የሚመጣውን አፈርና ፍሳሽ የሚያጣራልን ነው። እሱ በታረሰና በተገነባበት ቁጥር ደለሉም ማዳበሪያውም የፋብሪካ ፍሳሹም በቀጥታ ይገባል። ከማዳበሪያውና ከፍሳሹ የሚመጣው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ሲበዛ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ይፈላል፣ ውሃው ይሸታል፣ ኦክስጅን ያጥራል። ዓሣው የሚታፈነው ያኔ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ዘመቻው ይቅር አልልም፣ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ይውረድ። መጀመሪያ የምንጠይቀው በጥቁር ውሃ ድልድይና በዋና ዋና ቦዮች መግቢያ ላይ ቋሚ የውሃ ምርመራ ነው። በደረቁም በክረምቱም ይመርመር፤ ውጤቱ ለሕዝብ ይለጠፍ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ይህን ሐይቅ ለዓመታት አጥንተውታል፣ ሙያው እዚሁ አለ። ሁለተኛ፣ ቦዮቹ ሐይቁ ጋ ሳይደርሱ ቆሻሻ የሚይዝ የብረት ወንፊት ይደረግላቸው። ወንፊቱን በየጊዜው የሚጠርግ ሰውም ይመደብ፤ ካልተጠረገ ጎርፉን መንገድ ላይ ያስተኛዋል። ሦስተኛ፣ የጨለለቃ ረግረግ ወሰኑ ይከለል።

አንድ አባል፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ወንድሜ፣ በደንብ አስረዳኸን። ገንዘቡን በተመለከተ እዚህ ያለን አባላት የመጀመሪያዎቹን ወንፊቶች ወጪ ልንሸፍን እንችላለን። ግን ጥያቄ አለኝ። ፋብሪካዎቹንስ ምን እናድርግ? ፎቶ አንስተን ስማቸውን እናውጣ?

የሕግ ባለሙያው አባል፦
ስም ማውጣቱ ይቆየን። መጀመሪያ ምርመራው በእጃችን ይግባ፤ ያለ ማስረጃ ሰው መወንጀል ማኅበሩን ያስንቀዋል። ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳይጠበቅበት ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም! በሐሳባችን ላይ አንቀጹን ጠቅሰን እናስገባው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የታነፀው። ስለዚህ "አይቻልም" የሚል ባለፋብሪካ ቢመጣ መልስ አለን፤ ቴክኖሎጂው ከተማችን ውስጥ አለ።

የመጀመሪያዋ አባል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጨምበላላ ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ወዳለው የበዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ፣ ስንት እንግዳ ይመጣል! የበዓሉ ሰው ሐይቁን ይወደዋል፤ የሚጥልበት ቦታ ነው ያጣው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰንበት ተማሪዎችና የሲዳማ ሽማግሌዎች ከበዓሉ በፊት ቢያስተምሩ ከእኛ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉ። ጽዳቱንም በየወሩ ከምንበትነው በእነዚህ በዓላት ማግስት እናድርገው። የድሮ ፎቶ ያላችሁ ደግሞ አውጡ። ቄጠማው የት ድረስ እንደነበር፣ ውሃው የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ፎቶ ከምርመራው ጋር ማስረጃ ይሆናል። እኔ ያክስቴን አልበም ስካን አደርጋለሁ።

ሰብሳቢው፦
እንግዲህ የተቃወመ የለም። ምርመራው፣ ወንፊቱና ጨለለቃ ፊት ይቀድማሉ፤ የበዓል ጽዳቱ ይከተላል። የሕግ ባለሙያችን አንቀጹን ይጻፉልን። ረቂቁን እኔ አስተካክዬ እልካለሁ።

አንድ አባል፣ ከሐዋሳ፣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ፦
ጋሼ፣ ከማስገባታችን በፊት አንድ ልመና አለኝ። ስለ ሐይቁ ስንጽፍ የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር አላማከርንም። አባቴና ጓደኞቹ ቆሮሶ የት እንደሚራባ፣ የትኛው ዳር ላይ መረባቸው በፌስታል ተጠቅልሎ እንደሚወጣ በስም ይነግሯችኋል። ወንፊት የሚያስፈልገው የትኛው ቦይ እንደሆነም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ረቂቁን ላኩልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወስጄ አነብላቸዋለሁ። ያሉትን ጽፌ ማታውኑ እመልሳለሁ።

ሰብሳቢው፦
ልክ ነህ ልጄ። ዓርብ ይደርስሃል። እነሱ ሳያነቡት አይገባም።