ክለብ ያላየውን የ12ኛ ክፍል ሯጭ አሜሪካ ኮሌጅ ማስገባት ይቻላል?

የስፖርት መምህር (ሱሉልታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክለቦች በምልመላ የጣሉት የ12ኛ ክፍል ልጅ አለ። 1,500 ሜትር በትምህርት ቤቱ አፈር ሜዳ፣ በእጅ ሰዓት 4:04 ይገባል። ትምህርቱም ደህና ነው። አንድ ደላላ «ከስኮላርሺፑ 20 በመቶ የኔ ነው» ብሎ ቤተሰቡን ይዟል። ያለ እሱ ከየት ይጀመራል?

ዙር ቆጣሪ

መምህር፣ በዚህ 4:04 አይጻፉ። መጀመሪያ ሜዳውን ይለኩ። የትምህርት ቤት ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 400 አይሞላም። ዙሩ 380 ቢሆን በ3.75 ዙር 75 ሜትር ጎደለ፣ ወደ 13 ሰከንድ ማለት ነው። ሲለኩ በኖራው መስመር ላይ ሳይሆን ከውስጠኛው መስመር 20 ሳንቲሜትር ወጣ ብለው ነው።

ከዚያ ታርታን (ሰው ሠራሽ መሮጫ) ላይ ያስሩጡት፣ እዚያው ሱሉልታ የቀነኒሳ መም አለ። ኤሌክትሮኒክ ሰዓት ያለው ውድድር ከተገኘማ እሰየው። ቪዲዮው ከመነሻ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ፣ ስልኩ መሀል ሜዳ ቆሞ ይቀረጽ። ዘፈን የተጨመረበትን ማንም አሰልጣኝ አያይም።

ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ራሱ ለከፍታ ሰዓት የሚያስተካክልበት ስሌት ስላለው እርስዎ አይቀንሱለት። የሮጠውን ሰዓትና ከፍታውን ጎን ለጎን ይጻፉ፣ አሰልጣኙ ያሰላዋል።

ለማን ይላክ? ቲኤፍአርአርኤስ (TFRRS) የሚባለው የኮሌጅ ሩጫ ውጤት ድረ ገጽ ላይ የየኮንፈረንሱ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ምድብ) ፍጻሜ ውጤት አለ። ብዙውን ጊዜ ነጥብ የሚያገኙት እስከ 8ኛ የወጡት ናቸው፤ ልጁ በሰዓቱ ከ4ኛ እስከ 8ኛ የሚገባበትን ኮሌጅ ይፈልጉ። ኤንሲኤኤ ኮሌጆቹን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል፤ ከዲቪዥን 2 እና ከሁለት ዓመት ኮሌጆች (ማኅበራቸው ኤንጄሲኤኤ ይባላል) ይጀምሩ። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ኢሜይሉን ለዋናው ሳይሆን ለረጅም ርቀት አሰልጣኙ ይጻፉ። ርዕሱ ላይ ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ ርቀትና ሰዓት። ለ50 ሰው በአንዴ የተላከ ደብዳቤ ወዲያው ያስታውቃል።

ወረቀት ይቅደም

ሰዓቱ ቢያምርም ብዙ ልጅ የሚወድቀው ሰነድ ላይ ነው። ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕትና የልደት ካርድ ላይ የስሙ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ይሁን። የልደት ቀኑን ደግሞ ዓመት ብቻ ደምረው አይለውጡ። መስከረም 5 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 ነው፤ ጥር 20 ቀን 2000 ግን ጃንዋሪ 29 ቀን 2008። ለሁሉም 7 የሚደምር ጸሐፊ በጥር የተወለደውን ልጅ አንድ ዓመት ያስረጀዋል፣ በሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዕድሜ ይወጣል።

ኤንሲኤኤ ለዲቪዥን 1 እና 2 የሚጠይቀው 16 ዋና ዋና ኮርሶች ነው፤ የውጤቱ አማካይ (ከ4) በእነሱ ስሌት ለዲቪዥን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን 2 ቢያንስ 2.2። ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ከ2023 ጀምሮ በኤንሲኤኤ በኩል ቀርቷል፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ኮሌጁ ይጠይቃል።

ደላላውን በተመለከተ፦ ከስኮላርሺፕ መቶኛ የሚቆርጥ ሰው ልጁን ከብቁነት ሊያስወጣው ይችላል። ክልክል ነው፣ ውል ፈርመው ከሆነ ይቅደዱት።

ስኮላርሺፑ ሙሉ ይሆናል ብለውም አይጠብቁ። አንድ የዲቪዥን 2 ኮሌጅ ለወንዶች ሩጫ ቢበዛ 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ለቡድኑ ሁሉ ያካፍላል። ቀሪውን ማን እንደሚከፍል በባንክ ማስረጃ ካላሳዩ ኮሌጁ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ቅጽ) አይሰጥም፣ ቪዛውም እዚያው ይቆማል። የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ 350 ዶላር ለብቻው ነው።

የስፖርት መምህር (ሱሉልታ)

እግዜር ይስጥልን። ከተመረቀ በኋላ እስኪሳካለት የጎዳና ውድድር ቢሮጥስ?

ወረቀት ይቅደም

ለዲቪዥን 1 ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት ይታለፍለታል። ከዚያ በኋላ በውድድር ያሳለፈው እያንዳንዱ ዓመት አንድ የውድድር ዘመን ይበላበታል። ሽልማት ካገኘ መጠኑንና የጉዞ ደረሰኙን ያስቀምጥ፣ ሳይደብቅ ይናገር።

ዙር ቆጣሪ

ደግሞ «ሀበሻ እዚያ አይገባም» የሚለውን አይስሙ። የኤርትራው ሀብቶም ሳሙኤል በ2024 የኤንሲኤኤን 10,000 ሜትር ያሸነፈው ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮጦ ነው። እርግጥ የሱ ሰዓት ሌላ ነው።

የስፖርት መምህር (ሱሉልታ)

ሜዳውን ለካነው፣ 388 ሆነ። 45 ሜትር ስለጎደለ የልጁ ሰዓት ወደ 4:11 ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ፣ ታርታን ላይ ይሮጣል።