አንድ ትልቅ የውኃ ወፍ ክንፉን ተጎድቶ ግቢያችን ገብቷል፤ ምንድን ነው? ምን ላድርግለት?

የአቃቂ ልጅ (ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 1፡40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሽመላ ይመስለኛል፤ ከውጭ አገር የሚመጣው ስደተኛ ወፍ። ወንድሜ ከአጥራችን ማዶ ካለው የሽንብራ ማሳ አቅፎት መጣ። አንዱን ክንፍ ይጎትታል፤ ደም ግን አይታይም። ሲቆም ደረቴ ድረስ ይደርሳል። እግሩ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት አለው። ለጊዜው ዶሮ ቤት አስገብተነዋል። ምን ይበላል? ይናከሳል ወይ? እማዬ ወደ ጓሮ አልወጣም ብላለች። ፎቶግራፍ አንሥቼ ነበር፤ የሚታየው ጨለማና አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ሽንብራ ቆሎ (1፡46)
ጾመ ነቢያት መግባቱ በጀው።

የሰንዳፋው (1፡51)
ዳቦ ወተት ውስጥ ነክረሽ ስጪው። እኛ ቤት ከጣሪያ የወደቀ የርግብ ጫጩት በዚህ ነው ያደገው።

ቃል አጥሪ (2፡03)
ከሁሉ በፊት ስሙን እናጥራ። በአገራችን እግሩ የረዘመ ወፍ ሁሉ «ሽመላ» ይባላል፤ ይህ ስንፍና ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት አእዋፍ መካከል ሽመላና ሳቢሳ ጎን ለጎን ተጠርተዋል፤ አባቶች ሁለቱን ይለዩ ነበር ማለት ነው። ኤርምያስም ሽመላ ጊዜዋን ታውቃለች ብሎ ሕዝቡን የወቀሰው መምጫና መሄጃዋን ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ሽመላ ነጭ ናት፤ የበረራ ላባዋ ጥቁር፣ ምንቃሯና እግሯ ቀይ። እንደ ሌሎች ወፎች አትጮኽም፤ ምንቃሯን እንደ ሁለት ደረቅ እንጨት እያጋጨች ታንቋቋለች። እኅቴ፣ አንቺ ቀለሙን እንኳ ሳትነግሪን ስም አወጣሽለት፤ ክርስትናው ከልደቱ ቀደመ።

የአቃቂ ልጅ (2፡09)
ቀለሙ አመድማ ነው። ግልጽ ስለመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት። እግሩ ጥቁር ነው፤ ጭንቅላቱና የአንገቱ ላይኛው ክፍል ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቁመቱን አይታችሁ ከባድ እንዳይመስላችሁ፤ ወንድሜ «ከሁለት ዶሮ አይበልጥም» ይላል።

የገፈርሳ ተመልካች (2፡17)
አመድማና ባለ ጥቁር እግር ከሆነ ሽመላ አይደለም። አራት ነገር ንገሪን። ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ከኋላ በኩል እንደ ጅራት ተንዘርፍፎ የሚወርድ ላባ አለው? የኋላ ጣቱ መሬት ይነካል? ከመውደቁ በፊት ዛፍ ላይ ሲያርፍ ያየው ሰው አለ?

ጣቱን የጠየቅሁት ለጨዋታ አይደለም። ሳቢሳና ሽመላ ቅርንጫፍ የሚጨብጡበት ረጅም የኋላ ጣት አላቸው። ከአውሮፓ የሚመጣው ክሬን ግን የኋላ ጣቱ አጭርና ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ዛፍ ላይ ማረፍ አይችልም፤ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድረው። ከአባ ሳሙኤል ሐይቅና ከአቃቂ ረግረግ የማይርቀውም ለዚህ ነው። ለሌሊቱ ውኃ፣ ለቀኑ የእህል ማሳ።

ሽንብራ ቆሎ (2፡19)
ክሬን? የትኛው ኮንትራክተር ነው ጥሎት የሄደው?

የገፈርሳ ተመልካች (2፡22)
ማሽኑ ነው ስሙን ከወፉ የወሰደው፤ አንገቱ ስለሚመስል። ለዚህኛው ሁላችንም የተስማማንበት የአማርኛ ስም ስለሌለ ክሬን እላለሁ፤ ቃል አጥሪ ይቅር ይበሉኝ።

ለምን ተብሎ (2፡30)
ቆይ፣ ስደተኛ ነው ያለው ማነው? ትልቅ የውኃ ወፍ ባየን ቁጥር ከአውሮፓ መጣ እንላለን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የምናየው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይኖርም። በየማለዳው ጣሪያችን ላይ የሚያንባርቀው ጋጋኖም የእኛው ነው። ክሬንም ቢሆን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚያረጅ አለ፤ አገጩ ላይ ሎቲ የሚመስል ሥጋ የሚንጠለጠልበት። ደግሞስ የዱር ወፍ ከማሳ አንሥቶ ቤት ማስገባት ምን ይባላል? በነበረበት ቢተው ይሻል ነበር።

የአቃቂ ልጅ (2፡34)
በነበረበት ቢተው ሌሊቱን የጅብ ነበር። እዚህ ሰፈር ጅብ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አስፋልት ላይ ነው። አገጩ ላይ ምንም የተንጠለጠለ ነገር የለውም።

የሰንዳፋው (2፡36)
ዳቦ በወተት። ለብ ያለ ይሁን።

ባለ ማሳ (2፡41)
እኔም በዚያው በኩል ሽንብራ አለኝ። አመዶቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ ጥቅምት ላይ ይመጣሉ፣ እስከ የካቲት አይለቁንም። የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ የረገፈ ፍሬ ሲለቅሙ ማንም አይከለክላቸውም፤ የለመለመ ሽንብራ ሲነቅሉ ግን ሰው እንዴት ዝም ይላል? እናንተ ስማቸውን ስትከራከሩ እኔ ጎህ ሳይቀድ ወንጭፍ ይዤ እወጣለሁ።

ሽንብራ ቆሎ (2፡44)
ቀለበት ካለው ሰላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ግብፅ ቄና ውስጥ አንድ ሽመላ ጀርባዋ ላይ መከታተያ መሣሪያ ስለተገኘ ተጠርጥራ ታስራ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ እውነት ነው።

ጡረተኛው (2፡52)
ልጄ፣ ከዶሮ ቤት አሁኑኑ አውጪው። ስሙ ነገ ይደርሳል።

የወፍ ኢንፍሉዌንዛ የሚባል በሽታ አለ፤ የውኃ ወፎች ይዘውት ይዞራሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 መጨረሻ እስራኤል ሁላ ሸለቆ ውስጥ ከ5,000 በላይ ክሬኖች የሞቱት በእርሱ ነው። የእናንተው ታሟል ማለቴ አይደለም፤ ግን ዶሮዎቻችሁን አትወራረጂባቸው። ወንድምሽ ልብሱን ይቀይር፤ ሁለታችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ባዶ ክፍል ካላችሁ ጭድ ጎዝጉዙበት፤ የሲሚንቶ ወለል ያንሸራትተዋል። መብራት አጥፉ። ስትይዙት መጀመሪያ ጭንቅላቱን በስስ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ካላየ ይረጋጋል። አይናከስም፤ ይወጋል፤ የሚያነጣጥረውም ዓይን ላይ ነውና ፊታችሁን አርቁ። እግሩን አጥፋችሁ አትሰሩት። እግረ ረጅም ወፍ ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ከታሰረ የእግሩ ጡንቻ ይጎዳና ክንፉ ቢድንም መቆም ያቅተዋል። ውኃ በሰፊ ሳህን አስቀምጡለት፤ በግድ በአፉ አታፍስሱ፤ የአየር ቧንቧው ምላሱ ሥር ስለሆነ ወደ ሳንባው ይገባል። ወተት የሚባል ነገር አትስጡት፤ ወፍ ወተት አይፈጭም። ለዛሬ ሌሊት ምግብም ባይቀምስ አይሞትም።

የሰንዳፋው (2፡57)
የእኛ ርግብ ግን አድጋለች።

የአቃቂ ልጅ (3፡25)
እሺ ጋሼ፣ አውጥተነዋል። እቃ ቤት ነው ያለው። እማዬ ዶሮዎቹን ወደ ጎረቤት ልውሰድ አለች።

ጡረተኛው (3፡27)
ወደ ጎረቤት አትውሰዱ! እዚያው ይቆዩ። የሰው ዶሮም ዶሮ ነው።

የአቃቂ ልጅ (3፡38)
የተጠየቅሁትን ልመልስ። መብራት ስለጠፋ በስልኬ ባትሪ ነው ያየሁት። ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ርዝመት ብዙ አይበልጥም። ከኋላ የተንዘረፈፈ ላባ ጀምሮታል፤ ብዙ ግን አይደለም። ጣቱን ወንድሜ በደረቱ ተኝቶ ነው ያየው፤ ሦስቱ ጣቶች ጭዱ ላይ ተዘርግተዋል፣ አራተኛዋ ከኋላ ወደ ላይ ከፍ ብላ ቀርታለች፤ ሰፍቶ የጨረሰ ሰው ቆርጦ የረሳው ክር ትመስላለች። ወፉ አንድ እግሩን አንሥቶ ሲያስቀምጥም መሬት አልነካችም። ዛፍ ላይ ያየው የለም፤ ከማሳው በላይ ግን ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። እርሱንም መናገር ነበረብኝ።

የገፈርሳ ተመልካች (3፡46)
በቃ፣ ክሬን ነው። መስመሩም ነገሩን ይፈታዋል። እነዚህ ወፎች ዓይናቸው በጎንና በጎን ነው፤ እየበረሩ ማረፊያ ፍለጋ ወደ ታች ሲመለከቱ ከፊታቸው ያለውን ሽቦ አያዩትም። ለማየት ቢችሉም ክንፋቸው ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ እንደ ድንቢጥ እጥፍ ብለው አያመልጡም።

ለምን ተብሎ (3፡51)
ክሬን ከሆነ አናቱ ላይ ያለው ቀይስ? ከዓይኑ ጀርባ የሚወርደው ነጭ ሰንበርስ? አንገቱስ ጥቁር መሆን አልነበረበትም? እርሷ የምትለው ቡናማ ጭንቅላት ነው። አልተዋጠልኝም።

የገፈርሳ ተመልካች (3፡58)
ጥያቄህ ትክክል ነው፤ የጠቀስከው ግን የአዋቂው መልክ ነው። ቡናማ ጭንቅላት ያለው ዘንድሮ የተፈለፈለ ነው። ቀዩ አናትና ጥቁርና ነጩ አንገት በኋላ ነው የሚመጣው። ከሰሜን አውሮፓ ረግረግ ወጥቶ ወላጆቹን ተከትሎ ነው እዚህ የደረሰው፤ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ ቀለበት ከታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ አሉ።

እኅቴ፣ ቀለበቶቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ጻፊልን፤ ግራና ቀኝ ስትዪ የወፉን ግራና ቀኝ እንጂ የአንቺን አይደለም። በአንዱ እግር ያለው የቀለም ቅንብር አገሩን፣ በሌላው ያለው ራሱን ወፉን ይገልጻል። ቀለበቱን ግን አታውልቁ።

የአቃቂ ልጅ (4፡05)
በባትሪ ብርሃን ጥቁሩንና ሰማያዊውን መለየት አቃተኝ። ነገ በቀን አየዋለሁ። ስልኬም ሊዘጋ ነው።

የለገጣፎ እናት (4፡20)
ስለ ወፍ ከተነሣ እኔም ልጠይቅ። ባለፈው እሑድ ወደ ለገዳዲ በኩል ትልልቅ ነጫጭ ወፎች በሰማይ ሲዞሩ አይተን ልጆቼ ሽመላ ነው፣ አይደለም ተባባሉ። በምን ይለያል?

የገፈርሳ ተመልካች (4፡33)
ተሰልፈው ሁሉም በአንድነት ክንፍ የሚመቱ፣ በአንድነት የሚዞሩና አንገታቸው ወደ ኋላ ታጥፎ ምንቃራቸው ደረታቸው ላይ የተኛ ከሆነ ፔሊካኖች ናቸው። ሽመላዎች አንገታቸውን ዘርግተው፣ ያለ ሰልፍ፣ ገበያ እንደሚወጣ ሰው ተደበላልቀው ነው በሞቃት አየር ወደ ላይ የሚዞሩት። ክሬኖችም አንገታቸውን ይዘረጋሉ፤ ግን እንደ ቀስት ጫፍ ይሰለፋሉ፣ ሳይታዩም ከሩቅ ይሰማሉ። ሳቢሳ ብቻውን ነው፤ አንገቱን አጥፎ ቀስ እያለ ይቀዝፋል። ቀለም በሰማይ ላይ ያታልላል፤ አንገት አያታልልም።

የአቃቂ ልጅ (ኅዳር 19፣ ከማለዳው 12፡35)
በሕይወት አለ! ውኃ ጠጥቷል፤ ሳህኑንም ደፍቶታል። ክንፉ ከትናንቱ ከፍ ብሏል። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፤ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ማሳው ጫፍ ላይ ሁለት ትልልቅ አመድማ ወፎች ቆመው ይጮኻሉ። መለከት ነው የሚመስለው፤ እማዬ የቀብር መስሏት ነጠላዋን አነሣች። የእነዚህ አናታቸው ቀይ ነው። እቃ ቤት ያለውም በቀጭኑ እያፏጨ ይመልስላቸዋል።

የገፈርሳ ተመልካች (12፡41)
ወላጆቹ ናቸው! ክሬኖች የመጀመሪያውን የአውሮፓ ክረምት (የእኛን በጋ) ከልጃቸው ጋር ነው የሚያሳልፉት። ያ መለከት የሚወጣው የትንፋሽ ቧንቧቸው ረጅም ስለሆነና ደረት አጥንታቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገባ ነው፤ የልጁ ድምፅ ገና ፉጨት ነው። ጋሼ፣ ምን ይላሉ? ጥንዶቹ ከሄዱ ብቻውን መቅረቱ ነው።

ጡረተኛው (12፡49)
ልጄ፣ ሳትነኪው ከፊት ለፊት እዪው። ሁለቱ ክንፎች እኩል ታጥፈው ጀርባው ላይ ከተቀመጡ፣ ከተራመደም፣ የመታው ሽቦ አጥንቱን አልሰበረውም ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጭንቅላቱን ሸፍናችሁ፣ እግሮቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው፣ ወላጆቹ ወደሚታዩበት ዳር ውሰዱትና ከመስመሩ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ጨርቁን አንሥታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ብላችሁ አጠገቡ እንዳትቆዩ። ክንፉ እንደ ተሰበረ በር ከተንጠለጠለ ወይም አጥንት ከታየ ግን አትልቀቁት፤ ከአቃቂ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ እዚያ ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ደውላችሁ አስታውቁ።

የአቃቂ ልጅ (12፡58)
እኩል ናቸው መሰለኝ። ወንድሜ በእማዬ ነጠላ ጭንቅላቱን ሸፍኖ ይዞት ወጣ። ቀለበቶቹን ሳላይ! ልከተለው፤ እመለሳለሁ።

የለገጣፎ እናት (ከጠዋቱ 3፡15)
ምን ሆነ?

የገፈርሳ ተመልካች (ከቀኑ 7፡40)
እኅቴ፣ በረረ ወይስ ቆመ? ስልክሽ ተዘጋ እንዴ?

የሰንዳፋው (7፡52)
ወተቱን ሞከራችሁ?

ቃል አጥሪ (8፡10)
ክሬን ለሚለው አማርኛ ሦስት አማራጭ አዘጋጅቻለሁ። ነገ እለጥፋለሁ።

ባለ ማሳ (ከምሽቱ 1፡20)
ማንበብ የጀመርኩት አሁን ነው። ዛሬ ማለዳ አንድ ሰዓት አካባቢ ማሳዬ ውስጥ አመዶቹ ነበሩ። በወንጭፍ አስነሣኋቸው፤ ወደ አባ ሳሙኤል በኩል ሄዱ። አንዱ ወደ ኋላ ቀረት እያለ ነበር የሚበረው። ሁለት ይሁኑ ሦስት ግን አልቆጠርኩም።