በሥራ ጫና የመጣ ሕመም፦ የሕመም ፈቃድ ልጠይቅ ወይስ «ጨጓራ ነው» ብዬ ልቅር?

ጠያቂ (የሰንጋ ተራው)
ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ በሚገኝ የአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ስለሚዘጋ ከግንቦት ጀምሮ ማምሸት የተለመደ ነው፤ ዘንድሮ ግን ሒሳብ ከመዝጋቱ በተጨማሪ ለእያንዳንዳችን ተቀማጭ ገንዘብ የማሰባሰብ ታርጌት ስለተሰጠን፣ ሐምሌ ገብቶም እንቅልፍ አልመለስልህ ብሎኛል። ጠዋት ሜክሲኮ ከታክሲ ስወርድ ልቤ በኃይል ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። አንድ ባልደረባዬ «የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ከሄድክ ወረቀቱ ፋይልህ ውስጥ ገብቶ ዕድገት ይከለክልሃል፤ ሲብስብህ ጨጓራ ነው ብለህ አንዳንድ ቀን ቅር» ይለኛል። ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ፈቃድ ይሰጣል? የሕመሙን ስም ለአለቃዬ የመናገር ግዴታስ አለብኝ?

ከሰው ሀብት ክፍል
ወንድሜ፣ የባልደረባዎ ምክር ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ለሥራ ዋስትናዎ ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። አዋጁ የአካልና የአእምሮ ሕመም ብሎ አይለይም። የሚጠይቀው በቀሩ ማግስት ለአሠሪዎ እንዲያሳውቁና መንግሥት ዕውቅና ከሰጠው የሕክምና ተቋም ማስረጃ እንዲያቀርቡ ነው፤ ስለዚህ ለአለቃዎ የሕመሙን ዝርዝር መተረክ አይጠበቅብዎትም።

በአንጻሩ ያለ ማስረጃ አንድ አንድ ቀን እየቀሩ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠዎት በ6 ወር ውስጥ 5 የሥራ ቀን ከሞላ፣ ውልዎ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥዎት ሊቋረጥ ይችላል። በነገራችን ላይ በእጄ ባለፉት ፋይሎች ጨጓራ፣ ታይፎይድና ራስ ምታት በሰኔ ሳምንታት እንዴት እንደሚበዙ አይቼ እገረማለሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ኃላፊ ግን አላጋጠመኝም። አንድ ማሳሰቢያ፦ የሥራ መደብዎ በሕጉ ትርጉም «የሥራ መሪ» (ለምሳሌ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው) ከሆነ ይህ አዋጅ አይመለከትዎትም፤ ያኔ ውልዎንና የባንኩን የውስጥ ደንብ ይመልከቱ።

የአእምሮ ጤና ነርስ
የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው፣ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ውጥረት የሚመጣውን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አላደረገውም። ስለዚህ ሐኪሙ «ሥራ በዝቶበታል» ብሎ የሚጽፍልዎት ነገር የለም፤ የሚመረምረው ከጫናው ጀርባ ድብርት፣ የጭንቀት ሕመም ወይም የእንቅልፍ መዛባት መኖር አለመኖሩን ነው። የልብ ምት መፍጠንና ላብ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ስለሚታይ የደም ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ። ቡናና ጫት የሚያዘወትሩ ከሆነ አይደብቁ፤ ሁለቱም ምልክቱን ያባብሳሉና።

ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል አማኑኤልን ብቻ እያሰበ ይሸሻል። ሆኖም ዘውዲቱና ጳውሎስ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና በተመላላሽ ይሰጣሉ፤ ዘውዲቱ ደግሞ ለእርስዎ ቅርብ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከተጨነቁ፣ ከመጻፉ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ምስጢርዎን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጠበል መሄድ ከፈለጉም ከሕክምናው ጋር አይጣላም፣ የታዘዘልዎትን መድኃኒት እስካላቋረጡ ድረስ። የሚያሳዝነኝ ግን ለጠበል ሲባል በደስታ ፈቃድ የሚፈርም ኃላፊ፣ የአእምሮ ሐኪም ማኅተም ሲያይ ፊቱን የሚያጨፈግግ መሆኑ ነው።

የማኅበር ተወካይ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱን ጨርሰው ወደዚያው ታርጌት ከተመለሱ ያተረፉት እንቅልፍ ብዙ አይቆይም። ይኸው አዋጅ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ አሠሪውም የሥራው ሂደት በሠራተኛው ላይ ሥነ ልቦናዊ ጉዳት እንዳያስከትል የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ሒሳብ መዝጋት በየዓመቱ ቀኑ የሚታወቅ ሥራ ስለሆነ ድንገተኛ ነው ተብሎ ሊቀርብ አይገባም። ጉዳዩን ለብቻዎ ከመጋፈጥ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ያቅርቡት። ማኅበሩ ከባንኩ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ካለ ያንብቡ፤ ስምምነቱ ከአዋጁ የተሻለ የሕመም ክፍያ ሊይዝ ይችላል።

ጠያቂ (የሰንጋ ተራው)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘውዲቱ ለመሄድ ወስኛለሁ። ማስረጃውን የማስገባው ለቅርብ አለቃዬ ነው ወይስ ለሰው ሀብት?

ከሰው ሀብት ክፍል
በመዝገብ ቤት በኩል ለሰው ሀብት ያስገቡ። ለአለቃዎ በሕመም ፈቃድ ላይ መሆንዎንና የሚመለሱበትን ቀን ብቻ ይግለጹ። ኮፒውን የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈውበት እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፤ ሐኪሙ ዕረፍቱን ካራዘመው ደግሞ አዲሱን ማስረጃ የመጀመሪያው ሳያልቅ ያድርሱ።